በሰዓዳ ድምፅ

ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት በኋላ... ዐቅረቢያ የሚባል የኾበር ሰፈር ውስጥ፣ በሩ እስከ ግማሽ በተዘጋ ልብስ ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ፣ የሞተች ልጅ ሆኜ ስልክ ደወልኩ።

ስም፣ ሰፈርና ሙያ ቀያይሬያለሁ። ማን ይሆን ብላችሁ አትመራመሩ፤ የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

እኔን ለማታውቁኝ... በቴአትር ጥበባት ተመርቄያለሁ። አገር ቤት ያላንኳኳሁት በር ስለሌለ ነርስ እህቴ በጉብኝት ቪዛ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ አመጣችኝ። ካፊል ሆኖ በስሙ የሚቀጥረኝ አሠሪ ባገኝ ብዬ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የልጆች መጫወቻ ሳይቀር ዞርኩ። አንዱ ማናጀር ዲግሪዬን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ ካየ በኋላ «እሺ፣ ግን ምን መሥራት ትችያለሽ?» አለኝ። «ሌላ ሰው መሆን» ልለው ነበር... ዲግሪዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰይድ ግን ለዚሁ ፈለገኝ።

ሰይድ እህቴ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ነው፣ የወሎ ሰው። የአጎቱ ልጅ ሰዓዳ፣ አል ራዋቢ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሳል ነው ተብሎ ሲናቅ ሳንባዋን ጎድቷት ኖሮ፣ እህቴ የምትሠራበት ሆስፒታል ገብታ በሕይወት አልወጣችም። እዚሁ አጠገባችን ደማም ከተማ ተቀበረች። አገር ቤት ግን መርዶው አልተነገረም። አባቷ ልባቸውን ታመው ኦፕሬሽን እየጠበቁ ነው፤ ሐኪሙ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ ብሏል። ሰዓዳ ደግሞ ጁምዓ ጁምዓ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም።

«ስልኳ ተበላሸ አልኩ፣ ማዳሟ ይዛት ተጓዘች አልኩ... ኸላስ፣ ውሸቴ አለቀ» አለኝ። «አንቺ ይሄንን አይደል እንዴ የተማርሽው?»

በጣም ነው የተናደድኩት። በሰው ሞት ቴአትር! ተነስቼ ልወጣ ስል ልጅቷ የላከችለትን የድምፅ መልእክት ከፈተው። «ሰይዶ፣ ያቺን ቀሚስ መቼ ነው የምትጨርስልኝ? እኔ አርጅቼ...» ብላ ሳትጨርስ ትስቃለች። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ደጋግሜ ሰማኋት። ወሬዋን ሳትጨርስ ነው የምትስቀው። «አባ» ስትል ትንሽ ትጎትታለች። በመሐል ያስላታል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ደሴ ያደገ ሰው ሰላምታውንም ዱዓውንም ከጎረቤት ለምዶ ያድጋል፤ እሱ አልከበደኝም። የከበደኝ የልጅቷ ድምፅ ከራሴ አፍ ሲወጣ መስማት ነው። ሰይድ መቀሱን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደወልን። እናትየው አነሱ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማ...» አልኩ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሞቅ ባለ ድምፅ «ወዐለይኩም ሰላም! ሰዓዳዬ! ይኸው አባትሽ፣ እንቺ አናግሪው!» ብለው ስልኩን ሰጧቸው።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ሳሉ ተወሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተወኝ አባ» ብዬ ሳልኩ። ሰውየው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። እንዲህ አድርጎ ያመነኝ ተመልካች ኖሮኝ አያውቅም።

«እኔ ስድን ትመጫለሽ?» አሉ።

ሰይድን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። ለጤናዬ፣ ለትዳሬ፣ ለዕድሜዬ... ለዕድሜዋ። «አሚን» አልኩ።

ስልኩ ወደ እናትየው ተመለሰ። በር ሲከፈት ተሰማኝ፤ ዶሮዎች፣ ንፋስ... ውጭ ወጥተዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ሰይድ እንዳይሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጫንኩት።

«ሰይድ አጠገብሽ ነው? እሺ፣ አትመልሺልኝ... የኔዋ ሞታለች አይደል?»

«ልቤ ካወቀ ቆይቷል» አሉ። «እንዳታለቅሺ፣ ያይሻል። እኔ እንዳልጎዳ ብሎ ብቻውን ይዞታል፤ ማወቄን ከሰማ ይሰበራል። ለሱም እንዳትነግሪው። ለአባቷ ጁምዓ ጁምዓ ደውዪለት። እኔ ለቅሶዬን አቆይቸዋለሁ... ኦፕሬሽኑ ይለፍ።»

ከዚያ ቤት ውስጥ እንዲሰማ ጮክ ብለው «በይ ሰዓዳዬ፣ ኤሲ ሥር እንዳትተኚ!» አሉና ዘጉት።

«ምን አለችሽ?» አለኝ ሰይድ።

«ኤሲ ሥር እንዳትተኚ አለችኝ።»

ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «አልሐምዱሊላህ... አላወቀችም!» ብሎ ሻይ ሊያመጣልኝ ወጣ። እኔ በተሰቀሉት አባያዎች መሐል ብቻዬን ቀረሁ። የየትኛዋ ሴት ልብስ እንደሆነ የማላውቀውን አንዱን ይዤ፣ አፌን ሸፍኜበት አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስለኛል። አልታመምኩም፤ እህቴ ደረቴን አዳምጣ ምንም የለም ብላኛለች። ትናንት ደግሞ የራሴ እናት ደውላ «ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ተለወጠብኝ» አለች። ጉንፋን ነው አልኳት። ከስልኩ በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ ስሜን ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ የራሴ ድምፅ መሆኑን ላረጋግጥ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ነገ ጁምዓ ነው፣ እደውላለሁ። ሰውየው እንዲድኑ ከልቤ እየጸለይኩ ነው... የዳኑ ቀን ግን ሰዓዳ ትሞታለች፣ እኔም ከሥራ እወጣለሁ።