ከጋሽ መኩሪያ ሕይወት የተዘለሉት አምስት ዓመታት

ባለፈው ወር አስተማሪያችን የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን ያደግንበት ሰፈር የነበረበትን የምርጫ ክልል ታሪክና በየጊዜው የወከሉትን ሰዎች አጠር አድርገን እንድንጽፍ ነው። እኔ ከአርባ ዓመቴ በኋላ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆንኩ፣ ቅዳሜና እሁድ የምማር ሰው ነኝ። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ከቤቴልና ከዓለም ባንክ ይመጣሉ። የእኔን የምርጫ ክልል ስነግራቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። አልፈርድባቸውም። ክልሉ ከቀረ ቆይቷል፤ ግማሹ ለአንዱ ጎረቤት፣ ግማሹ ለሌላው ተሰጥቶ አልቋል።

ሦስት ተወካዮች ብቻ ነበሩት። የመጀመሪያው ነጋዴ ነበሩ። ምክር ቤት ውስጥ ምን እንደተናገሩ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ከለቅሶና ከሠርግ እንደማይቀሩ ግን ሁሉም ነገረኝ። የመጨረሻዋ ሴት ነበሩ፤ ብዙም ሳንለምዳቸው ክልሉ ቀረ። በመሃል ያሉት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ስለእሳቸው ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሲሞቱም የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።

የሞቱት በሐምሌ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ያኔ ከቀራንዮ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ በክረምት ጭቃ ብቻ ይሆናል፤ ቦት ጫማ የሌለው ሰው ላስቲክ እግሩ ላይ አስሮ ነበር የሚወጣው። ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ልከውብኝ ሄድኩ። ድንኳኑ እየተተከለ ነው። ጎረቤቶች ትኩስ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ይገባሉ፤ የሽምብራውና የስንዴው ሽታ ከእርጥብ ሸራ ሽታ ጋር ተደባልቋል። ዛሬም ንፍሮ ስቀምስ ያ እርጥብ ሸራ ይሸተኛል።

እትዬ ዘነበች ወደ ጓዳ ወስደው አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀመጡኝ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጽፈሽ አንቺ ታነቢዋለሽ፣ ሁልጊዜ ጽሕፈትሽን ያመሰግን ነበር አሉኝ። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ያስተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ጋብቻቸው። ከዚያ እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃል በቃል አስጻፉኝ፦ በአካባቢያቸው ሕዝብ ተመርጠው ለአምስት ዓመት በሕዝብ ተወካይነት በታማኝነት አገልግለዋል። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ለምን እንደከበደች ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጋሽ መኩሪያ በተመረጡ በሁለተኛው ዓመት ትልቁ መንገድ ይሰፋል ተባለ። የመንገድ ዳር ቤቶች ፈረሱ፤ ሰዎቹ ራቅ ያለ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። ከመፍረሱ በፊት እድሩ ተሰብስቦ ጋሽ መኩሪያን ጠርቶ ነበር። እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ እንደነገረችኝ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው፣ እሳቸው ያሉበት ምክር ቤት የአገሩን ሕግ እንደሚያወጣ፣ የከተማ መንገድ ግን በከተማው በኩል እንደሚወሰን አስረዱ። አንዱ ከኋላ፣ ታዲያ ምን ልትሠራ ገባህ አላቸው፤ ሰዉ ሳቀ። የዚያን ሰሞን የሰፈሩን አቤቱታ ይዘው በየቢሮው ሲዞሩ ከረሙ። የሆነ ነገር የለም። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ሰፈሩም ጥፋቱን እሳቸው ላይ አደረገ። የሥራ ዘመናቸው አልቆ ወደ ማስተማር ሲመለሱ ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው አንሶ ነበር። ፌርማታ ላይ ብቻቸውን ራቅ ብለው ሲቆሙ አይቻለሁ።

ጽፌ ስጨርስ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ገቡ። ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥባል። የእሳቸውም ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት ለመንገዱ ከፈረሱት ውስጥ ነበር። እስቲ አንብቢልኝ ልጄ አሉኝ። በሕዝብ ተወካይነት የምትለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሷን ዝለያት።»

እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። «ደምሴ፣ አንተም እኮ መርጠኸዋል።»

«መርጬዋለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ መቃብሩን ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ረጋ ብለው ተቀመጡና አስረዱ። ሬሳውን የሚሸከሙት የእድሩ ጎረምሶች ናቸው፤ የአብዛኞቹ የአባታቸው ቤት ፈርሷል። በታማኝነት የሚለውን ሲሰሙ ጥለው ይሄዳሉ አልልም አሉ። ግን አንድ ሰው አፉን ቢከፍት፣ ሬሳው ፊት፣ ልጆቹ ፊት ያ ነገር ከተነሳ ማን ይመልሰዋል?

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሲያጠብቁ ሲያላሉ ቆዩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ካወጣሻት ይታወቃል?»

«የማያውቃቸው ሰው አያስተውልም፣ እትዬ» አልኩ።

«እዚህ የማያውቀው ማን አለ?» አሉና ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ፣ «ይሁን፣ ዝለያት። ሰው ሳይሸኘው ከሚቀር ይሻላል።»

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያነበብኩት ዝናብ እያካፋ ነው። አንዱ ጃንጥላ ያዘልኝ። ማስተማራቸውን አነበብኩ፤ ከዚያ ቀጥታ ጡረታቸውን። በሁለቱ መካከል ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አልኩ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ያቺ ቦታ የት እንዳለች ከእኔ እኩል አውቀው የሚጠብቋት መሰለኝ፤ ሳልፋት አንዲት ሴትዮ በረጅሙ ተነፈሰች። ጎረምሶቹ ሬሳውን በደንብ አድርገው ተሸከሙ። ከፊት የገቡት ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ናቸው። ስንመለስ ብዙ ሰው ጥሩ አነበብሽ አለኝ።

በሣልስቱ እትዬ ዘነበችን ላጽናና ገባሁ። ሰው ተመናምኖ ነበር። የቀረ የለም፣ ሁሉም መጥቷል፣ ጠላቴ ያልኩት ሁሉ ቀበረልኝ አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጨመሩ።

«እንግዲህ አምስቱን ዓመት የማስታውስለት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።»

እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል።

ባለፈው ወር አስተማሪያችን የቤት ሥራውን ሲያብራሩ የአገሩ ምክር ቤትና የከተማው ምክር ቤት የተለያዩ መሆናቸውን፣ የየትኛው ሥራ ምን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እጄን አውጥቼ እንዲደግሙልኝ ጠየቅኩ። ጋሽ መኩሪያ እድሩ ፊት ቆመው የተናገሩት ነው፣ ያው ራሱ። በሳምንቱ ብርቱካን ገዝቼ ዓለም ባንክ ልጃቸው ቤት የሚኖሩትን ጋሽ ደምሴን ልጠይቅ ሄድኩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። የተማርኩትን ነገርኳቸው። እንደሚደነግጡ፣ ምናልባትም እንደሚጸጸቱ ጠብቄ ነበር።

«እሱንማ ያኔም አውቅ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን?»

ብርቱካኑን በጣታቸው ዳሰሱ። «የወሰኑትን ሰዎች በር የት እናውቃለን ልጄ? የመኩሪያን በር ግን እናውቀዋለን።»

የጋሽ መኩሪያን አምስት ዓመት በቤት ሥራዬ ውስጥ ሙሉውን ጻፍኩ። ክልሉ የለም፤ እሳቸውም፣ ሚስታቸውም የሉም፤ አንባቢዬ አስተማሪዬ ብቻ ናቸው። ወደ ቤት የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የአሁኑ ተወካያችን ማን እንደሆነ ራሴን ጠየቅኩ። ስሙን ከብዙ ማሰብ በኋላ አስታወስኩት። ቤቱን ግን አላውቀውም፤ የሚያውቅ ጎረቤትም ያለኝ አይመስለኝም። በሩ አለመታወቁ ለእሱ መዳኛው ይሆናል። ለእኛ ምን እንደሆነ እስክወርድ ድረስ ሳስበው ነበር።