ካሜራዬ ቡራዩ ላይ ሰላይ ሆኖ ተገኘ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሳልደውል ቡራዩ ያለው ቶርኖ ቤት ዘው ስል ኦቦ ገመቹ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰዋል። በአንድ እጃቸው ሞረድ ይዘዋል... ሞረዱ ግን አይንቀሳቀስም። ፊታቸው የኔ ካሜራ ውስጥ ነው።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አጎቴ ጋሽ ወርቁ የድሮ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ናቸው። ያ ሆዱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው የጋዜጠኛ ካሜራቸው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ሌንሱ ግን አሁንም ጥርት ያለ ነው። እኔ ደግሞ ደረት ላይ ይዘው ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱበት የፊልም ካሜራ አለኝ። ሌንሱን ለምኜ ለምኜ በአንድ ነገር ተስማማን... እሁድ ሱሉልታ የልጃቸውን ሰርግ በሱ ላነሳ። ካላነሳሁበት መመለስ ነው።

ችግሩ ሌንሱ ከኔ ካሜራ ጋር አይገጥምም። በዛ ላይ ሩቅና ቅርብ በራሱ አያስተካክልም፣ በድሮው ካሜራ ያንን የሚሰራው የሚዘረጋው ሆዱ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሌላው ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገባ ሁለት የአሉሚኒየም ቀለበት ማስቀረፅ ነበረብኝ። የምኖረው ሰበታ ነው፣ እዛ የጠየቅኳቸው ሁሉ አይሆንም ሲሉኝ አንዱ ኦቦ ገመቹ ጋ ላከኝ። ስራቸው የወፍጮ መለዋወጫ ነው፣ እጃቸው ግን የወርቅ ሰሪ ነው ተባልኩ። እየለኩ እንዲሰሩ ካሜራውንም ሌንሱንም ትቼላቸው ሄድኩ።

ከዛ በኋላ በደወልኩ ቁጥር «ቦሩ ኮቱ» ነው። ነገ ና። ነገ ስሄድም ያው ቦሩ ኮቱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ...

እና ሐሙስ ስደርስባቸው ምንም አልደነገጡም። ጎንበስ እንድል በእጃቸው ጠቆሙኝ። አየሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሌላ ቶርኖ ቤት ፍንትው ብሎ ይታያል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግራና ቀኙ ተገላብጦም ቢሆን ይነበባል። ቀለበቱ አልቋል ማለት ነው! ያለቀውም በመጀመሪያው ሳምንት ነው...

የማዶው ቤት የጋሽ ሀብቴ ነው። ድሮ ሁለቱ በአንድ ማሽን አብረው ይሰሩ ነበር አሉኝ። አንድ የወፍጮ ዘንግ ተሰበረ፣ አንተ ነህ አንተ ነህ ተባባሉ፣ ተለያዩ። ከዛ ወዲህ ሰላምታ የለም። የኔ ካሜራ ደግሞ ለዚህ ስራ የተፈጠረ ነው... አቀርቅረው የሚሰሩ እየመሰሉ ማዶውን ያያሉ።

«ዘጠኝ ቀኔ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በየጠዋቱ በማዳበሪያ የጠቀለለው ነገር ታቅፎ ይገባል። ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚገባው። ሂድና ምን እንደሆነ እይልኝ፣ ከዛ ካሜራህን ውሰድ።»

ምን ላድርግ፣ እሁድ ሰርግ አለ። አስፋልቱን ተሻገርኩ።

ጋሽ ሀብቴ ገና ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ገመቹ ልኮህ ነው አይደል አሉኝ። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ ሰውዬው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሞረድ ይዞ ሲያጎነብስ አንድ ቀን እንኳ የሞረድ ድምፅ አልሰማሁም አሉ። ከዛ ማዳበሪያውን ፈታ አደረጉልኝ።

ዘነዘና ነው።

«የቤታችን ነው» አሉ በኩራት። «እሱ እያየ ይጨነቅ ብዬ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ፣ ማታ እመልሰዋለሁ። ሚስቴ ራሱ ምን ሆነሃል ማለት ጀምራለች።»

ስመለስ እውነቱን ልናገር ነበር... በመሃል ሰይጣን ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለኝ። ኦቦ ገመቹን እንዲህ አልኳቸው፦ «ነገሩን አሳይተውኛል፣ ግን ለኔ አይነቱ የሚገባ አይደለም። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ አንዴ ቢያዩት ያውቁታል።»

ተቀመጡ። ተነሱ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ። እሳቸው እንዲህ ሲንቆራጠጡ እኔ ከቦርሳዬ ፊልም አውጥቼ ጫንኩ። በመጨረሻ ጋቢናው የተበላሸ አይሱዙ አሳልፈው ተሻገሩ።

እኔ በተራዬ አጎነበስኩ። ድምፅ የለም፣ ምስሉ ብቻ ነው። ማዳበሪያው ተፈታ። ኦቦ ገመቹ ዘነዘናውን አንስተው ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው መረመሩት፣ በጣታቸው ለኩት... ከዛ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቃ በዘነዘናው ሊሏቸው ነው አልኩ። ሲዞሩ ግን እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ ነው። ጋሽ ሀብቴም ግድግዳ ተደግፈዋል። አነሳኋቸው። ካሜራዬን ታቀፍኩና ሳልሰናበት ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ቀለበቱን ላሽከርክር ብል... ንቅንቅ አይልም። ደወልኩ።

«ለአስፋልቱ ልክ አስተካክዬ ነዋ» አሉኝ፤ ከኋላ የጋሽ ሀብቴ ሳቅ ይሰማል። «እንዳይንቀሳቀስብኝ በሦስት ብሎን ወጥሬ ራስ ራሳቸውን ቆረጥኳቸው።»

የሚፈታው ደግሞ ከሰኞ በፊት አይሆንም።

በቃ እሁድ ሱሉልታ ላይ ሙሽሮቹን ከአስፋልት ስፋት ርቀት ብቻ የሚያይ ሌንስ ይዤ ተገኘሁ። ግቢው አልበቃኝም። ከአጥሩ ወጥቼ የጎረቤት ሳር ማሳ ውስጥ ቆምኩ፣ በሩን አስከፍቼ። እኔ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ፣ በመሃል ዘመድ ያልፋል፣ ላም ታልፋለች።

አጎቴ አጥሩ ጋ መጥተው ትንሽ አዩኝ። «በኛ ጊዜ» አሉ፣ «እንዲህ ርቀን የምናነሳው ባለስልጣን ብቻ ነበር።»

ፎቶዎቹ ታጥበው ወጡ፣ አንደኛ ናቸው። ሙሽራዋ የዛን ቀን ስለኔ ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም... ሩቅ ነበርኩ።