ኦዝቫልዲኖ የሰፋው ቀሚስ

ጎረቤቴ ኦዝቫልዲኖ ወንድ የሚወድ ወንድ መሆኑን ማዱሬራ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ለሳምባ ጭፈራ ቡድናችን የካርኒቫል ልብስ ሰፍቷል። ራሱ ቀሚስ ለብሶ መንገድ መውጣት የሚችለው ግን በዓመት አንዴ በሚከበረው የካርኒቫል በዓል አራት ቀን ብቻ ነበር፤ በዓሉ አልቆ ረቡዕ ከነጋ ፖሊስ ያፍሰዋል። በእነዚያው ቀናት የሰፈሩ ባለትዳሮችም የሚስቶቻቸውን ቀሚስ አጥልቀው ሕዝቡን ያስቃሉ። እነሱን የሚነካቸው የለም፣ ቀልድ ነዋ!

ዓመቱን ሙሉ ሲሰድበው የሚከርመው ባለሉካንዳው ዤኔዚዮ አንድ ጊዜ ካርኒቫል ሲቃረብ መጣና፣ "የሚስቴ ቀሚስ ጠበበኝ። አንተ ጉድ፣ የሚያስቅ ነገር ስፋልኝ!" አለው።

"ቁም፣ ልለካህ" አለው ኦዝቫልዲኖ።

ይህ ሰው የሚያስቅ ልብስ መስፋት አያውቅበትም። ሰማያዊ ሐር ወገቡ ላይ ልክክ አድርጎ ሰፋለት። ዤኔዚዮ አደባባይ ሲወጣ የሳቀ ሰው የለም፤ ይልቁንም አጨበጨቡለት። እሱም እየተሽከረከረ ሲጨፍር ዋለ።

ረቡዕ ጠዋት ባሎች ሁሉ ቀሚሱን ለሚስቶቻቸው መለሱ። ዤኔዚዮ የራሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኦዝቫልዲኖ በር ላይ ቆመ።

"ጋሼ ኦዝቫልዲኖ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስከ ከርሞ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ።"