ገጣሚዎቹ አገር ዘግይቼ ደረስኩ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ዕለት፣ ሲመሻሽ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። መናኸሪያ ድረስ የሸኘኝ ጌታቸው ነው። የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አብረን ተምረናል። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የኖሩትን የእንግሊዝ የፍቅር ገጣሚዎች ስናነብ፣ «እነዚህ ሰዎች አንኮበርን ሳያዩ አልቀሩም» ይለኝ ነበር። ጉሙም፣ ገደሉም፣ ናፍቆቱም የእኛው ነዋ! የአንኮበር ልጅ ነኝና ለማን እንደሚለው አይጠፋኝም።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት፣ «እጠብቅሻለሁ» አለኝ።

«ተው ጌታቸው፣ የስደት ነገር አይታወቅም» አልኩት። ሌላም ልለው ነበር፤ መኪናው ተነሳ።

እንግሊዝ አገር የገባሁት አረጋውያን ልንከባከብ ነው። ሰዉ ቦሎቄያችንን በጣፋጭ የቲማቲም ስጎ ለውሶ ቁርስ ያደርገዋል፤ ጎረቤት ሞቶ እንኳ ድምፅ አይሰማም። አከራዬ አንዲት ባልቴት ናቸው። ገና የገባሁ ሰሞን፣ «የአገርዎን የፍቅር ግጥም እያነበብኩ ነው ያደግሁት» ብላቸው በመነጽራቸው አናት አዩኝ።

«ግጥሙን እንደፈለግሽ አንብቢ፤ ወንድ ግን ቤቴ አይገባም!»

ብቸኝነቱ ሲብስብኝ ስልኬ ላይ የመተጫጫ አፕ ጫንኩ። እዚያ ሰው የሚመረጠው ፎቶውን በጣት ወደ ቀኝ ወደ ግራ በመግፋት ነው። ቶም የሚባል አንዱ «ሃይ» አለኝ። እኔ ሞኟ ስለ አንኮበር ጉም፣ እዚያ ውስጥ ከሚወዱት ሰው ጋር ስለ መሄድ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩለት። የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ።

ካፌ ተገናኘን። ጨዋ ልጅ ነው።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

«ፍቅር።»

ሻዩን አማሰለ። «እሱ ትንሽ ይከብዳል። እስኪ እንተያይ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ፤ እዚህ ይሄ የተለመደ ነው፣ ስምም አለው፣ ጎስቲንግ ይሉታል። እንግዲህ እነዚያ ገጣሚዎች የተቀበሩበት አገር ይኸው ነው።

ባለፈው እሁድ ጌታቸው ደወለ።

«በቴሌግራም አንዲት ልጅ ተዋውቄአለሁ» አለኝ እያፈረ። «ረዘም አድርጌ ስጽፍላት ‹አታብዛው› ትለኛለች። አንቺ ሠልጥነሻል፤ እስቲ ስሚና አሳጥሪልኝ።»

አነበበልኝ። ያለችበት ሰፈር ሲደርስ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሚለቀው፣ ስሟን ሰው ሲጠራ እሱ «አቤት» ሊል እንደሚቃጣው ነው የጻፈላት።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ። ምንም እንዳታሳጥር። እንዳለ ላክላት።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። እስቲ አንዴ ድገመው።»

ላርመው መስሎት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ አነበበልኝ።