ቀሚሱ ከባሕር ዳር አልተገዛም

ኧረ አይሆንም! ትናንት ሲያስተምሩ የዋሉት ጋሽ ይርዳው?

ዛሬ ጠዋት የሺ ደውላ ማረፋቸውን ስትነግረኝ "ሌላ ይርዳው ይሆናል" ብዬ ተከራከርኳት። አብራኝ ስፌት የተማረች ልጅ ናት፤ እንዴት ትሳሳታለች?

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ይርዳው ፍኖተ ሰላም ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ እንደኔ መርፌ ይዘው ለማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ልብስ ስፌት ያስተምሩ ነበር።

መጀመሪያ ክር አይሰጡንም። ባለመስመር የደብተር ወረቀት በስፌት መኪናው መርፌ እየበሳን መስመሩን መከተል ነው። ስንት ዓመት የተማሪ ደብተር ሳርም የኖርኩ መምህር አንዲት መስመር መከተል አቃተኝ! ሲጣመምብኝ ደንግጬ ፔዳሉን እለቃለሁ። "መምህርት፣ ቢጣመም ግድ የለም፤ እግርሽ ብቻ አይቁም" ይሉኛል።

በስድስተኛው ወር ቀሚስ ሰፋሁ። ግራ እጅጌው ረዝሞብኝ እንዴት አጥፌ እንደማስተካክለው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ያንን ቀሚስ ለብሼ ጅጋ ሰርግ ሄድኩ። የሥራ ባልደረቦቼ "እንዴት ያምራል! ከየት ገዛሽው?" አሉኝ። ስፌት እንደምማር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መምህር ሆና ልብስ ሰፊ ልትሆን ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ።

"ከባሕር ዳር" አልኩ።

ዞር ስል ጋሽ ይርዳው ከኋላዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሰምተዋል። እጅጌዬን አየት አደረጉና "የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ለማየት አፈርኩና ከትምህርቱ ቀረሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ስጠብቅ አገኙኝ።

"መምህርት፣ የፈተናው እርማት በዛብሽ መሰለኝ?"

"አዎ ጋሼ" አልኩ። ይኸው ሁለተኛ ውሸት።

ዛሬ የሺ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ለእህቴ ልጅ ጀምሬ የተውኩት ጉርድ ቀሚስ እስከ ትናንት ድረስ እማርበት በነበረው የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሊያነሳው ሲል ጋሽ ይርዳው "ተዉት፤ ፈተናዋን አርማ ስትጨርስ መጥታ ትሰፋዋለች" ይሉ ነበር አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የዚያ ሰርግ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያስተማሩኝ ደግሞ ከኋላችን ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው።

ጋሼ፣ ፈተና አልነበረብኝም። አፍሬ ነው የቀረሁት። ያውም በእርስዎ ሙያ! ይቅር ይበሉኝ።

ነገ ገበዝ ማርያም፣ ቀብርዎ ላይ፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ እመጣለሁ። ደህና ይሁኑ ጋሼ። ማንም ከየት ገዛሽው ቢለኝ እውነቱን እናገራለሁ፤ ከኋላዬ ተቀምጠው የሚሰሙኝ እርስዎ ግን የሉም።