ሳይሰሙ የሚጠቅሷቸው ሰው

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ሀብትነሽ ማመልከቻ ከምትጽፍባት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ማክሰኞ ማክሰኞ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ካፖርታቸው የቀረው አንድ ቁልፍ ነው፤ ጫማቸው ግን ሁሌም እንደ አዲስ ተሿሚ ጫማ ያብረቀርቃል። ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም፤ የመዝገብ ቁጥራቸውን ግን በቃሏ ይዛዋለች።

«ልጄ፣ ዛሬስ ማን ጠቀሰኝ?» ይላሉ ገና ሳይቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባምቢስ አካባቢ አርባ ዓመት በኪራይ ከኖሩበት ቤት ውጡ ተብሎ ሲፈረድባቸው ይግባኝ አሉ። የበላዩ ፍርድ ቤት ባላጋራቸውን እንኳ ሳይጠራ «አያስቀርብም»፣ ማለትም ይግባኙ ለክርክር አይበቃም ብሎ በአንድ መስመር ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ተከራይ ማስወጣት ያማረው ጠበቃ ሁሉ «የበላዩ ፍርድ ቤት መርምሮ ያጸናው» እያለ በመዝገብ ቁጥራቸው ይጠቅሳቸዋል፤ ዳኞቹም ተቀብለው ፍርዳቸው ላይ ያሰፍሩታል። እሳቸው ጎተራ ባለው የልጃቸው ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ያድራሉ፤ ቁጥራቸው ግን ታፍሮና ተከብሮ ከችሎት ችሎት ይዞራል።

ዛሬም አንድ ጠበቃ አጠገቧ ቆሞ በአንዲት መበለት ላይ ክስ ሲያስጽፍ ያ ቁጥር መጣ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ‹መርምሮ› የሚለውን አጥፊና ‹ሳይሰማ› በይልኝ።»

ሀብትነሽ ጣቶቿን ከፊደሎቹ ላይ አንስታ ጠበቃውን አየችው።

«እንደሱ ከተጻፈማ» አለ ጠበቃው፣ «አባባ ምን ይጠቅሙናል?»