የቅዳሜ ኮሶ

አሰበ ተፈሪ ክሊኒክ በረዳት ነርስነት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ የክብሪት ቀፎ መክፈት ነበር። ያኔ ሰገራ ለምርመራ የሚመጣው በክብሪት ቀፎ ነው። ከሚኤሶ ሽቅብ በጭነት መኪና ስመጣ የለበስኩት አቧራ ከፀጉሬ ሳይራገፍ፣ የድሬሰሮቹ፣ የቁስል ጠራጊዎቹ፣ አለቃ አቶ ወርቁ ቀፎ የሞላበት ትሪ ፊቴ አስቀመጡ።

«መርፌ ልትወጊ የመጣሽ መስሎሽ ይሆናል፣ ልጄ» አሉኝ። «መርፌው ከዚህ በኋላ ነው።»

ሥራው አይከብድም። በስንጥር ትንሽ ቆርሶ መስታወት ላይ ማድረግ፣ በጨው ውኃ ማሸት፣ መሸፈን፣ ከማይክሮስኮፑ ሥር ማስገባት። የከበደኝ ሳቄን መያዝ ነው። አንዳንዱ ሰው ቀፎውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ እጅ መንሻ በሁለት እጁ ያቀርብልኛል።

ሴቶቹ በብዛት የሚመጡት በሆድ ሕመም ነው። የገጠሯ በኦሮምኛ «ገራቱ ነ ዱኩበ» ትላለች፣ የከተማዋ «ሆዴን» ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የቀረውን የሚናገረው አብሮ የመጣው ሰው ነው። «የት ላይ ነው የሚያማት?» ብዬ ስጠይቅ በገዛ ሆዱ ላይ የሚያሳየኝ ባል ስንቱ ነበር።

ወይዘሮ የሺመቤትን ያወቅኋት ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ባሏ ማሞ ለአንድ ነጋዴ ቡና ይሰበስባል፤ ሳምንቱን መቻራ ከርሞ ቅዳሜ ማታ ይገባል። እናቱ እማማ በለጡ አብረዋቸው ይኖራሉ። የሺን ሆዷን ይነፋታል፣ ይቆርጣታል፣ አንድ ሰሞን ይደርቅባታል፣ አንድ ሰሞን ያስሮጣታል። እማማ በለጡ ነገሩ የኮሶ ትል ነው ብለው ስለፈረዱ፣ እሷም በየወሩ፣ ሲብስባት ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኮሶ ትጠጣለች። ልጅ አልመጣም። እማማ የሺን አስፈትተው ለማሞ ሊያጩለት ሚኤሶ አንዲት ልጅ ማየታቸውን የከተማው ሰው ሁሉ ሰምቷል። የሺም ሰምታለች።

የምርመራውን ቀፎ ያመጣው ማሞ ነው። መስታወቱን ሳየው የትል እንቁላል በእንቁላል ሆኖ አገኘሁት። ሐኪማችን አማርኛ የለመደ ፈረንጅ ነበር፤ እሱም አጎንብሶ አየና «ይህን ሁሉ ኮሶ ጠጥታ?» አለ። ማሞን ጠራሁት።

«ይሄ የባለቤትዎ ነው?»

«የኔ ነው» አለ ማሞ ሳይደነግጥ። «እሷ አፈረች። ያው ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ ምን ልዩነት አለው?»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

የሺ የራሷን ስታመጣ ምንም አልነበረበትም። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰ፣ ሌላም ሌላም መረመረ። «አንጀቷ ቁስል የለበትም፣ ትልም የለበትም» አለኝ። «ግን ስትጨነቅ ይቆጣል። የወር አበባዋ ሲቃረብ ደግሞ ሆርሞኗ ይረብሸዋል። የቀረውን እኔ ብጠይቃት አትነግረኝም፣ አንቺ ጠይቂያት።» ሆርሞን የሚባለውን ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አብረዋት የመጡትን ባሏንና አማቷን በረንዳ ላይ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ።

«ከማሞ ጋር እንዴት ናችሁ?» አልኳት።

«ጥሩ ሰው ነው።»

«የአልጋውን ነው የምጠይቅሽ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ያመኛል። ሆዴ ሲነፋ ሲነካኝ ራሱ ያመኛል። ደግሞ ሆዴ ይጮኻል፣ ንፋስም አለ። እማማ የሚተኙት ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ሲገላበጡ እሰማቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይሰሙኛል። ቅዳሜን ሳስብ ከዓርብ ጀምሮ ይቆርጠኛል።»

«ኮሶውንስ ቅዳሜ ቅዳሜ ያደረግሽው ለምንድን ነው?»

ሳቅ አመለጣት። «ኮሶ የጠጣን ሰው ማን ይነካዋል?»

እውነቷን ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ንጉሥ ነው፤ ሥራ አይታዘዝም፣ እንግዳ አይገባበትም፣ አልጋውም የብቻው ነው። የሺ ሌላ ዕረፍት አልነበራትም። ግን ኮሶው አንጀቷን ይልጠዋል፣ ሆዷ ይብሳል፣ ስለባሰባት ደግማ ትጠጣለች። አሳዘነችኝም፣ አሳቀችኝም።

በረንዳው ላይ ወጣሁ። «እማማ፣ የሺ ከእንግዲህ ኮሶ አትቀምስም። ኮሶ ፅንስ ያስወርዳል። የልጅ ልጅ ካማረዎት አያጠጧት።»

እማማ በለጡ አማተቡ። «ታዲያ ትሉስ?»

«ትሉ የማሞ ነው። የሚጠጣውም ማሞ ነው። ቤቱ ጸጥታ ስለሚፈልግ እርስዎ ቅዳሜን ገለምሶ እህትዎ ዘንድ ይዋሉ፣ እዚያው ይደሩ።»

«ክኒን የለም?» አለ ማሞ።

«አልቋል» አልኩት። ክኒኑ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ዛሬም ቢሆን አልቋል እለዋለሁ።

የቅዳሜውን ወሬ የነገረችኝ የሺ ናት። ማሞ ለዚሁ ብሎ ከመቻራ ዓርብ ገባ፣ በማግሥቱ በባዶ ሆዱ ጠጣ። ወገቡን ይዞ ወደ ጓሮ ሲመላለስ ዋለ፣ አጥሚት እያቀመሰች አስታመመችው። ወደ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ይሄን ነው በየወሩ የምትጠጪው?» አላት።

«አዎ።»

«ትል ሳይኖርሽ?»

ምክንያቱን ሁሉ ነገረችው፣ የመጋረጃውንም ጭምር። ማሞ «ከኔ ኮሶ ይሻልሽ ነበር?» አለ። አለቀሰ መሰለኝ፤ የሺ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን አዙራለች።

ሰኞ ብቻውን መጣ። «ምን ላድርግ፣ ሲስተር?»

አንቱታውን ትቼ እንደ ወንድም ነገርኩት። «ሲያማት አትንካት። ወሯ ሲቃረብ ራሷ እስክትፈልግህ ጠብቅ። አመመኝ ስትልህ አትኩረፍ። የሚኤሶዋን ልጅ ነገር ዛሬውኑ ቁረጥ፤ የሺን የሚቆርጣት አንዱ እሱ ነው።»

«እናቴንስ የት ላድርጋት?»

«እናትህንማ አታስወጣም። ኮሶ መጠጣት ግን ማን ከለከለህ?»

ገባውና ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ወዲህ ማሞ በወር አንድ ቅዳሜ ኮሶ ላይ ነው። እናቱ ገለምሶ ይሄዳሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ጎረቤትም ከደጅ ይመለሳል። ኮሶው ግን አልተወቀጠም። የሺ ጨርሳ አልዳነችም፤ ወሯ ሲቃረብ ዛሬም ይነፋታል። የዓርቡ ቁርጠት ግን ቀረ። የሚኤሶዋ ልጅም ሌላ አገባች።

አንድ ቀን እማማ በለጡ ክሊኒኩ በር ላይ አገኙኝ። «ሲስተር፣ የልጄ ትል አልሞት አለ እኮ።»

«ጽኑ ትል ነው፣ እማማ።»

«መሆኑንማ አየሁት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔም በልጅነቴ ኮሶ እወድ ነበር። የአማቴ መደብ ከእግራችን ሥር ነበረ።» ይህን ብለው የገለምሶ መኪና እንዳያመልጣቸው ተጣደፉ።

አሁን ጋውኑን ለምትለብሱት የምለው ይህን ነው። ሆዴን ብላ የመጣችን ሴት ብቻዋን አነጋግሯት። የሆዷን ስትጨርሱ የአልጋዋን ጠይቋት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ማን እንደሚተኛም ጠይቋት።